ያለ ጠባቂ የተቀመጠ ማህተም

ልጄ አሜሪካ ድረስ ስታስመጣኝ አገሩን በመኪና ላሳይሽ ብላ የዓመት ፈቃዷን በሙሉ ወሰደች። አንዲት ትንሽ ደብተርም ገዛችልኝ። በየፓርኩና በየታሪካዊ ቦታው ማህተም አለ፤ ባየሽው ቦታ ሁሉ ደብተርሽ ላይ ይመታል አለችኝ።

መጀመሪያ ቴነሲ ውስጥ አንድ የተራራ ፓርክ ደረስን። ጉሙ በእኛ አገር የአርጆን ደጋ ጉም ይመስላል። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ማህተሙ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። እኔ ነቀምቴ ለአንድ መታወቂያ ስንቴ ቀበሌ ደጅ ውያለሁ፤ «ማህተም የያዘው ሰው ወጥቷል» ሲሉኝ። ስለዚህ አጠገቡ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሰውየው ረስቶት ወጥቷል። እንዳይሰረቅበት ነው።»

ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እዚህ ሁሉም ራሱ ነው የሚመታው።»

«ያለ ፊርማ?»

«ያለ ፊርማ።»

መታሁት። ከዚያ ወዲያ ኬንታኪ ዋሻ ገባን፣ ዌስት ቨርጂኒያ ወንዝ ዳር አደርን፣ ገጹ እየሞላ ሄደ።

መጨረሻ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ የጥንት ባለጸጋ ቤት ጎበኘን። አስጎብኚዋ አሮጊት ናት፤ የጌታውን አልጋ፣ የብር ማንኪያውን፣ ሳህኑን አሳየችን።

«ይህን ሁሉ ሲያጥብ የኖረው ማነው?» አልኩ።

«ባሮቹ ናቸዋ» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

«የት ተቀበሩ? ጠይቂያት።»

«ተይ እማዬ፣ ያሳፍራል።»

ጉብኝቱ አልቆ ደብተሩን ማህተሙ ፊት ዘረጋችልኝ። አልመታም አልኳት።

«ገጹ ሊሞላ አንድ ብቻ ቀርቶት?»

«ማህተም ማለት አይቻለሁ፣ ልክ ነው ማለት ነው። እኔ ያየሁት ግማሹን ነው።»

ፊቷ ጠቆረ። ይህን ጉዞ ስንት ጊዜ እንዳለመችው አውቃለሁ፤ ግን እጄን አልዘረጋሁም። ወደ አስጎብኚዋ ሄጄ ሳህኖቹን አሳየኋት፣ ከዚያ እጆቼን፣ ከዚያ መሬቱን። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ልጄን አየች። ልጄም መጥታ ጥያቄዬን ተረጎመችልኝ።

አሮጊቷ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ዛፍ ሥር ጽሑፍ የሌላቸው ድንጋዮች ተተክለዋል። የሟቾቹን ስም ከድሮ ወረቀት ውስጥ እየፈለጉ ነው፤ የጥቂቶቹን አግኝተዋል አለች። እኔም በጎረቤቶቼ በኦሮሞዎቹ ቋንቋ «ነጋቲ» አልኳቸው፤ በሰላም ሁኑ ማለት ነው።

ልጄ «አጎቴን አስበሽ ነው?» አለችኝ። ወንድሜ እዚያው ወለጋ፣ ኪራሙ ውስጥ፣ በዚያ ክፉ የግጭት ጊዜ ነው የተቀበረው፤ መንገዱ ስለሚያስፈራ አንድም ቀን መቃብሩን አላየሁም።

«ድንጋይም የለውም?»

«የለውም።»

ወደ ማህተሙ ተመለስን። ደብተሩን እሷ ያዘችልኝ፣ እኔ በሙሉ ጉልበቴ መታሁት።

አሁን ደብተሩ ነቀምቴ ቤቴ ነው፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማህተሞቹን በጣቱ ይዳስሳል። ልጄ በየእሑዱ ስትደውል ድሮ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ነበር የምትለኝ። አሁን ግን ቀድማ የምትጠይቀው የኪራሙ መንገድ ሰላም መሆኑን ነው። እኔም መናኸሪያ ወርጄ ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ «ድንጋዩን እኔ ነኝ የማስጠርበው፤ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።

ስንሄድ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን የወንድሜን ስም በወረቀት ጽፌ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጫለሁ።