ድምፅ ሲበዛ ጠባቂ ይመጣል

የሥራ ጓደኛዬ ዛሬ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ቢሯችን ውስጥ የጨዋታ ዳይስ ሲያንከባልል ሰማሁና በሐሳብ ደማም፣ አል ነኺል ሰፈር ወዳለው የልጅነቴ ቤት ተመለስኩ።

ቤተ ክርስቲያን በማይፈቀድበት በዚያ አገር፣ ዓርብ ዓርብ ትልልቆቹ ሳሎን ዘግተው ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። እኛ ልጆች መኝታ ቤት ሆነን፣ እህቴ ሜሮን ስልኳ ላይ ያገኘችውን የጽሑፍ ጨዋታ እንጫወታለን። ድምፅ ስለሌለው ተፈቅዶልናል።

«የኩባንያው ኮምፒውተር ተቆልፏል። ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ታነብልኛለች።

«እሰብረዋለሁ!»

ዳይሱን ብርድ ልብሱ ላይ እጥላለሁ። ትልቅ ቁጥር ከወጣ ቁልፉ ይከፈታል። ትንሽ ከወጣ የጨዋታው የድምፅ መለኪያ ከፍ ይላል፤ ሲሞላ ጠባቂዎች ይመጣሉ።

አንድ ቀን ስድስት ወጣልኝና «ሃሌሉያ!» ብዬ ጮህኩ።

የሳሎኑ ጸሎት ተቋረጠ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ግብፃዊው ጎረቤታችን ነበር።

«ሙሽኪላ አለ?» አለ፤ ችግር አለ ወይ ማለቱ ነው።

«ማፊ ሙሽኪላ፤ ልጆቹ እየተጫወቱ ነው» አለች እማዬ። ሰውየው ስቆ ሄደ።

እማዬ ወደ እኛ ስትመጣ ቁንጥጫ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «መለኪያው ስንት ደረሰ?» አለች።

«ወደ ዜሮ ወርዷል» አለች ሜሮን።

«ተመስገን። እንግዲያው አንድ መዝሙር ይቻላል።»

ለዓመታት ጨዋታችንን ወድዳው የጠየቀች ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የምትለካው የቤታችንን ድምፅ ነበር።

ዛሬ ጓደኛዬ ስድስት ጣለ። «ሃሌሉያ» አልኩ፤ በሹክሹክታ።