ከጫት እንዲገላገል የቀረበለት ጫት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ወንድሜ ሰይድ ከማረሚያ ቤት በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። እኔ ከሚሴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ብዙ የሚያስቅ ነገር አይገጥመኝም። ይህኛውን ግን የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስታውሰው ብቻዬን ስለምስቅ፣ ደንበኞቼ እኔንም መጠርጠር ጀምረዋል።

ሰይድ የታሰረው ሰው ደብድቦ ነው። ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ሰንበቴ ገበያ ወረደና ሁሴን የሚባል የከብት ነጋዴ "በዓይኑ ጠቀሰብኝ" ብሎ ጭንቅላቱን በዱላ ፈነከተው። ሁሴን የጠቀሰው የራሱን ደላላ ነበር። ሰይድ ተፈረደበት፤ ቤተሰቦቻችን ደግሞ በሽማግሌ ታረቁ።

እስር ቤት ጫት ስለማያገኝ ደህና ሆኖ ወጣ። እንዲያውም ወፍሮ ነበር። የታመመው ነፃ ሲወጣ ነው። ከእኛ ሰፈር ተነስቶ ጫት ሳያይ የትም የሚደርስ ሰው ካለ መንገዱን ያሳየኝ። ለሰይድ ሥራ የሚሰጥ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ጫት የሚጋብዘው ግን ሞልቷል። የተፈረደበት ሰው ለሥራ አይታመንም፣ በርጫ ላይ ግን ጥሩ ጨዋታ ያመጣል።

ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ራቀው። ጎረቤት ሲያስነጥስ "ምልክት ተሰጣጡ" ይላል። መስኮቱን በሚስማር ጠረቀመው። ከዚያ አልጋው ሥር ዱላ ማኖር ጀመረ። ዱላውን ያየሁ ዕለት፣ አንዱን ምስኪን መትቶ ተመልሶ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ደግነቱ እሱም ራሱን ፈርቷል።

"እህቴ፣ ወላሂ ደክሞኛል። የሆነ ቦታ ውሰጂኝ" አለኝ።

"የሆነ ቦታ" ፍለጋ ወጣን።

መጀመሪያ የሄድንበትን ጤና ተቋም ስም አልጠራም። ባለሙያው ሰይድን በደንብ አዳመጠና "ጫት ማቆም አለብህ" አለው። ሰይድ ይህን ለመስማት ነበር ያን ሁሉ ሰዓት የተሰለፈው። ቀጥዬ ከእስር የወጣ መሆኑን ስነግረው፣ ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መቀስ ቀስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ጥበቃውን ጠራው። ጥበቃው አንድ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ መጣ። ወንድሜ ከጫት ሱስ የተነሳ ያጠቃናል ብለው፣ እየቃመ ያለ ሰው አጠገቡ አቆሙ።

ከዚያ ከእስር የወጡ ሰዎችን ያቋቁማል ወደተባለ ቢሮ ሄድን። እዚያ ያገኘናት ሴት ጨዋ ነበረች፤ ወንበር ሰጠችን።

"አሁን ታሟል እኮ" አለችኝ በሐዘኔታ። "በዚህ ሁኔታ ልንረዳው አንችልም። ሲሻለው አምጪው።"

አመስግኜ ወጣሁ። ሌላ ምን ይባላል?

በመጨረሻ ነገሩን ጎረቤቶቼ ያዙት። ጎረቤቶቼን እወዳቸዋለሁ፤ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብለው አያዩም። "ዱዓ ይደረግለት" አሉ። ሰይድ ከጫት እንዲላቀቅ ሊለመንለት ነው። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ በእኛ ሰፈር በዱዓ ወግ ሰው ተሰብስቦ እየቃመ ነው የሚለምነው። አባት አያቶቻችንም እንዲሁ ነው ያደረጉት። ታዲያ ሁሉም እንደ አቅሙ ጫት ይዞ መጣ። እኔም ራሴ ሄጄ ገዛሁ። ከጫት ለሚላቀቀው ሰው ብዬ፣ እርጥቡን እየመረጥኩ! በአላህ እላችኋለሁ፣ ያን ቀን አንድም ሰው ነገሩ ግራ አላጋባውም።

ሁሴንም ተጠርቶ ነበር። የታረቀ ሰው በደስታም በሐዘንም መጠራት አለበትና። ከሁሉም ራቅ ብሎ በሩ ሥር ተቀመጠ።

ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ኑሩ ሰይድን መሐል አስቀመጡት። ካለው ጫት ሁሉ የተሻለውን እስር አነሱና ትፍ ትፍ ብለው መረቁበት።

"ሀያ ሰይዶ፣ ያዛት ይቺን፣ የበረካ ናት። አላህ ከዛሬ ወዲያ ጫት የሚባል ነገር ያስጠላህ!"

"አሚን!" አለ ቤቱ።

ማንም አልሳቀም። እኔም ጓዳው በር ላይ ቆሜ "አሚን" ብያለሁ። ያኔ ሰይድን አየሁት። እንቢ እንዳይል የሸህ ምርቃት ነው፤ እሺ እንዳይል ደግሞ አልጋው ሥር ያለውን ነገር እሱና እኔ እናውቃለን። ሰይድ እጁን ዘረጋ።

"ሸህ፣ አፉ ይበሉኝ" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ ሥር።

ሁሴን ነው። ቆቡን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን ለሁሉም አሳየ።

"ባለፈው ቅሞ ያደረ ጊዜ ያገኘው እኔን ነው። ዛሬም በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።"

ሸህ ኑሩ አንዴ ጠባሳውን፣ አንዴ እጃቸው ላይ ያለውን ጫት ተመለከቱ።

"ሱብሃነላህ" አሉና ጫቱን አስቀመጡት። "አንሱልኝ ሁሉንም። ዛሬ በባዶ አፋችን እንለምናለን።"

እንደዚያ ቀን አጭር ዱዓ አይቼ አላውቅም። ከልብ የመጣ መሆኑን ግን እመሰክራለሁ፤ ሸሁ ሲለምኑ አልቅሰዋል።

ሰው ሲበተን ሁሴን ወደ እኔ መጣ።

"ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ደሴ የአእምሮ ሕክምና አለ። እኔ ከተመታሁ ወዲህ እዚያ ነው የምመላለስ።"

"ለጭንቅላትህ ቁስል?"

"ቁስሉማ ድሮ ድኗል። እንቅልፍ ነው እንቢ ያለኝ። ዓይኔን ስከድን ወንድምሽ ዱላውን ይዞ ይመጣብኛል።"

ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

"እኔም አልተኛም" አለ።

"እንግዲያማ አብረን እንሂዳ" አለ ሁሴን። "አብሽር፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

በበነጋው ሚኒባስ ተሳፈርን። ሁለቱ ከፊቴ ባለው ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁሴን ከብት ነጋዴ ስለሆነ ዱላ ከእጁ አይለይም፤ ከመቀመጡ በፊት ግን ዱላውን ወደ ኋላ አሳልፎ ለእኔ ሰጠኝ። እምነትም እኮ ልክ አለው። ሐርቡ ሳንደርስ ሁለቱም ተኙ። የሰይድ ጭንቅላት ሁሴን ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ሁሴንም አልነቃም። እኔ ዱላውን ታቅፌ ደሴ እስክንገባ አለቀስኩ።

ያየችን ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችው "ትተኛለህ?" ብላ ነው። ታስሮ መውጣቱን ስንነግራት "እሺ፣ ከዚያስ?" አለች። መቀሷም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር፤ አይቻለሁ።

"አስታማሚው ማነው?" አለች።

"እኔ" አለ ሁሴን።

"ምኑ ነህ?"

"የፈነከተኝ እሱ ነው።"

ነርሷ ቀና ብላ ሦስታችንንም አየችን። ከዚያ የታዘዘለትን መድኃኒት በየቀኑ እንዲያስውጠው ነገረችው።

ሰይድ አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ይተኛል። አንዴ ተመልሶ ቅሟል፤ አንዴ ተመልሰን ሄደናል። መስኮቱን ከፍቶታል። ዱላውን ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም፤ አልጋው ሥር ግን የለም።

ወሬው ስለተሰማ ልጃቸው ከእስር የወጣ እናቶች ሱቄ እየመጡ "እርዳታ የት አገኘሽ?" ይሉኛል። የቢሮ ስም እንድነግራቸው ነው። እኔም "መጀመሪያ ልጅሽ የመታውን ሰው ፈልጊ" እላቸው ነበር። እነሱም እኔም እንስቃለን፣ ከዚያ ደሴን እነግራቸዋለሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት መጣች። ለእሷም ያንኑ ቀልዴን ነገርኳት። አልሳቀችም። የጨርቄን ጫፍ በጣቶቿ እያሸች ቆየች።

"የእኔ ልጅ የመታው ሰው እኮ ሞቷል" አለችኝ።

ያን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ተናግሬው አላውቅም። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ከእሷና ከልጇ ጋር ደሴ ሄድኩ። ነርሷ "አስታማሚው ማነው?" ስትል እናትየው ወደ እኔ አየች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።