ገብሱን አትቅደመው

ቤቴን የፈተሸው ሰው ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ፊት ቆሞ፣ «ይህን ሁሉ አንብበኸዋል?» አለኝ። አዎ አልሁት። «ምን ጠቀመህ?» አለ። ሊያዋርደኝ ፈልጎ አልመሰለኝም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። መጽሐፎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ለጓደኛው አሸከመው፤ እኔንም ከፊት አስቀደሙኝ። የመስከረም መጨረሻ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው፤ የግቢያችን ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነበር። ሚስቴ ጋቢዬን እስከ በር ድረስ አምጥታ አቀበለችኝ። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን እንኳ ዳግመኛ አላየሁም።

ያስገቡኝ ከከተማው ጫፍ ካለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። እህል ከወጣበት ብዙ ጊዜው ነው፤ ሽታው ግን አልወጣም። የነቀዘ እህል ሽታ ከሰው ላብ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ቀን ቆርቆሮው ያነድደናል፤ ሲመሽ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ይገባና ተጠጋግተን እንተኛለን። ከመካከላችን ጥፋቱ ምን እንደሆነ በቅጡ የተነገረው ሰው አልነበረም።

እኔ ጥቅምትን የማውቀው በመጽሐፍ ነው። ሰማዩ ሲጠራ፣ ሰው ሁሉ ወደ አጨዳ ሲሮጥ፣ ከሥራ መልስ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ አነባለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የማነበው ብቻ የቀረውን ዓመት ያህላል። አንዱን ሳልጨርስ ዓይኔ ሌላው ላይ ነው። ስለ እስር ቤት የተጻፉትንም አንብቤአለሁ። በእነሱ ውስጥ የታሰረው ሰው ያነበበውን እያስታወሰ ይጽናናል፣ ጠቢብ ሆኖም ይወጣል። ተራው ሲደርሰኝ እኔም እንደዚያ የምሆን መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን እስረኞቹ፣ «አንባቢ ነህ አሉ፤ እስቲ አንድ ታሪክ አውራልን» አሉኝ። እጅግ የምወደውን ልብ ወለድ ጀመርሁላቸው። መሐሉ ላይ ስደርስ የሰዎቹ ስም ጠፋኝ። ትንሽ ቆይቶ ማን ማንን እንደከዳም ጠፋኝ። ገሚሱን እንቅልፍ ወሰደው፤ ያልተኙትም በይሉኝታ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ያን ሁሉ ዓመት ያነበብሁት የት ገባ? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ፤ ከታሰርሁበት ቀን ይልቅ ልቤ የተሰበረው ያን ቀን ነው።

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት ከጉና ሥር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው የት እንደገባ ተጠይቀው «አላውቅም» ስላሉ ነው የያዟቸው። ስለ ልጃቸው ለማንም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ገብሳቸው ነው። ሳይደርስ ማሳው ላይ ትተውት መጥተዋል፤ ቤት የቀሩት ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ከቆርቆሮው ላይ ምስማር የወለቀበት ቀዳዳ አለ፤ በእሱ ሲያዩ ወደ ጋፋት በኩል ካለው ተዳፋት ላይ የአንድ ሰው ማሳ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ ያደርጉና የማያውቁትን ሰው ገብስ አይተው የራሳቸውን ይገምታሉ። «የኛ ከዚህ ይዘገያል፤ ደጋ ነው» ይሉኛል።

መጽሐፉን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ከጥግ ከተከመረው አሮጌ ከረጢት ለመኝታቸው ሲመርጡ ከመካከሉ ወደቀ። ሽፋን የለውም፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል። ከእጃቸው ነጠቅ አድርጌ ወሰድሁት። ገለጥሁት። ስለ ገብስ አመራረት የተዘጋጀ መምሪያ ነው፤ ከእርሻ ዝግጅት ጀምሮ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር በመምረጥ ያበቃል። በደኅናው ቀን ቢሰጡኝ ለመጠቅለያ እንኳ የምፈልገው አልነበረም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይደል። ስለ ገብስ ነው፣ አባቴ።»

ቀና ብለው ተቀመጡ። «እና ምንም አይደል ትለኛለህ? በል አንብበው እንጂ።»

ስለ እርሻው፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ አረሙ በአንድ ቁጭታ አነበብሁላቸው። «ይህ ያለፈ ነው፤ ቶሎ ቶሎ በለው» እያሉ አጣደፉኝ። በመስመር መዝራት ምርት ይጨምራል የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ አስቆሙኝ። «ይህን ነግረውን ነበር። ስንፍና ይዞኝ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ አጨዳው ምዕራፍ ልገልጥ ስል እጄን ያዙ።

«ቆይ። የት ነው የምትሄድ? ገብሱን አትቅደመው፤ ገና አልደረሰም።»

«መጽሐፍ እኮ ነው፣ አባቴ።»

«ይሁና። ያልደረሰውን ምኑን ታጭዳለህ?»

ጠበቅን። መጽሐፍ ይዤ ጠብቄ አላውቅም ነበር። ጠዋት ከቀዳዳው ሲመለሱ ፊታቸውን አያለሁ፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ከነቀነቁ የዚያን ቀን አዲስ ንባብ የለም፤ ያነበብነውን መልሼ ነው የማነብላቸው። አንዲቱን አንቀጽ ስደጋግም ስውል ሳልፈልግ በቃሌ ገባች። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ጠጋ ጠጋ አሉ። ልብ ወለዴን ሲሰሙ ያንኮራፉት ሰዎች ስለ ዋግ በሽታ የሚያወራውን ገጽ ትንፋሻቸውን ውጠው አደመጡ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። መጽሐፉ አጽናናኝ አልልም፤ ቀኑ ግን የሚያዝበት ነገር አገኘ።

ጥቅምት ሲያገባድድ አንድ ጠዋት ከቀዳዳው ዘወር አሉና፣ «ማጭድ ገብቶበታል። በል አሁን» አሉኝ። የአጨዳውን ምዕራፍ ጀመርሁ። እያነበብሁ እጃቸውን አየሁት፤ ግራው ጨብጦ ቀኙ ይስባል። ስጨርስ ላብ የጠረጉ ይመስል ግንባራቸውን በጋቢያቸው አበሱ። «የኛም ሰሞኑን ይደርሳል» አሉ። «ጎረቤት አለ። ደቦ ወጥተው ያጭዱላታል።»

ስንቅ በር ላይ ይቀበሉና ጠባቂው በእንጨት አማስሎ ያስገባዋል፤ ያመጣውን ሰው ግን አያገናኙንም። ኅዳር ከገባ በኋላ ለእሳቸው በጨርቅ የታሰረ ቆሎ መጣላቸው። ሚስታቸው ያን ሁሉ መንገድ በእግር አምጥተውት ነው። ፈትተው ጥቂት ዘገኑና አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ትንሽ አኝከው ቆሙ። ጠጠር ያገኛቸው መሰለኝ። የቀረውን ከመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት።

«ዘንድሮ የዘራሁ ነጩን ነው» አሉኝ።

ነገሩ አልገባኝም።

«ይህ ጥቁሩ ነው። ለከርሞ ዘር ብዬ በቅል አድርጌ የሰቀልሁት። ይህን ቆልታ የላከችልኝ ነጩ ቤት ስላልገባ ነው።»

«ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖራታል፣ አባቴ።»

«እሷን እኔ አውቃታለሁ። ስንት ክፉ ቀን አይተናል። ዘር ነክታ አታውቅም።»

ገብሱ ከብት ገብቶበት ይሁን፣ መንገድ ተዘግቶ አጫጅ ጠፍቶ ይሁን፣ ቆሞ ረግፎ ይሁን የሚነግረን አልነበረም። ቆሎውን አንድም ሳይጥሉ መልሰው አሰሩት። የተቆላ ዘር አይበቅልም፤ ይህን ለማወቅ መምሪያ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ወደ ቀዳዳው መሄድ ተዉ። ማንም ንባብ አልጠየቀኝም። መጽሐፉን ትራስ አድርጌ ተጋድሜ፣ ትልልቅ ሰዎች ስንባል የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ስንጫወት መክረማችንን አሰብሁ፤ አፈርሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ብሞት ምንም የሚጎድል ነገር እንደሌለም አሰብሁ። አሰብሁ እንጂ አላዘንሁም፤ የሚያስፈራው እሱ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ተነሡ። ወደ ቀዳዳው ሄደው ብዙ ቆሙ። ከዚያ የሰዉን ጓዝ ወደ ግድግዳው እየገፉ የቤቱን መካከል ባዶ አደረጉት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ወለሉን ጠረጉ፤ ከረጢቶቹን እየጠቀለሉ ዙሪያውን ክብ አድርገው አጠሩት።

«ጫማ አውልቁ» አሉን። «አውድማ ላይ በጫማ አይገባም።»

አንደኛው እስረኛ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ፣ ምኑን ልንወቃ ነው?» አላቸው።

«ያ ሰውዬ እየወቃ ነው» አሉ ወደ ቀዳዳው እያመለከቱ። «ለሱ እናንብብለት።»

የሳቀ አልነበረም። አንድ በአንድ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሲሚንቶው እግር ይቆርጣል። ቆሜ አነበብሁ። አውድማው ደረቅና ንጹሕ ይሁን ይላል፤ ነዶው በእኩል ይበተን፣ ነፋስ ሲነሣ ምርቱ ከገለባው ይለይ ይላል። ከኋላዬ አንዱ በሬ እንደሚነዳ ሰው በለሆሳስ ያፏጫል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን ቃል በራሳቸው ንቅናቄ ይቀበላሉ። የማያውቁት ሰው ምርት እንዲበዛለት ከልባቸው የሚመኙ ሰው ፊት ያየሁት ያኔ ነው።

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ገባ፤ ከክቡ ከረጢት አጠገብ ሲደርስ በባዶ እግራችን ቆመን አገኘን። ዕድሜው ከልጃቸው ዕድሜ የሚበልጥ አይመስለኝም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። የአዛውንቱን ስም ጠራና፣ «ዕቃህን ያዝና ውጣ» አላቸው።

ቆሎአቸውን እንደታሰረ በብብታቸው ያዙ። የላስቲክ ጫማቸውን አነሡ፤ ግን አላደረጉትም።

«አድርግና ና። መኪና ቆሟል» አለ ጠባቂው።

«ከአውድማው ልውጣ» አሉት።

ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ክቡን ተሻግረው ወጡ። ከዳር ሲደርሱ ቁጭ ብለው የእግራቸውን አቧራ አራገፉ፤ አንዱን አደረጉ፣ ከዚያ ሌላውን። ጠባቂው ወደ ከረጢቶቹ አየ፤ ወደ ገዛ ቡትስ ጫማው አየ፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ይነሡ እንግዲህ፣ አባቴ» አላቸው። ከታሰሩ ጀምሮ ከጠባቂዎቹ አንዱ እንኳ አንቱ ብሏቸው አያውቅም ነበር።

ብዙ ነገር ማለት ይገባኝ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን፣ «የቀረውስ? የዘሩ ምዕራፍ?» የሚል ነው።

«እሱን እንዳትነካው» አሉኝ በሩ ላይ ሆነው። «ለከርሞ ነው።»

የት እንደወሰዷቸው አላወቅንም። ምሽቱን ጫማውን ያደረገ ሰው አልነበረም።

እኔን የፈቱኝ በጋው ሲጋመስ ነው። ስወጣ የፈተሸኝ ሰው መጽሐፉን ገልጦ፣ «ገብስ?» አለና መለሰልኝ። አሁንም ደብረ ታቦር ነኝ። መደርደሪያውን በየጥቂቱ እየሞላሁት ነው፤ ጥቅምት ሲገባ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። የጥንቱ ጥድፊያ ግን የለም። አንድ ገጽ ላይ እቆይና ሳላነብ ይመሻል። ከጉና ሥር የመጣ ገበያተኛ ባገኘሁ ቁጥር ስለ እሳቸው እጠይቃለሁ። ስለ ታሰረ ሰው የሚጠይቅን የከተማ ሰው ማን ያምናል? የእህላቸውን ዋጋ ይነግሩኝና ፊታቸውን ያዞራሉ። ቤቴን የፈተሸው ሰው «ምን ጠቀመህ?» ያለኝንም እስከ ዛሬ አልመለስሁትም።

ኅዳር ላይ ጫማዬን አውልቄ የውቂያውን ምዕራፍ አነባለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ገጾች ጥቂት ናቸው፤ ምን እንደሚሉ መገመትም አያቅትም። አልገለጥኋቸውም። መኸር ደጋግሞ መጥቶ ሄዷል። ለከርሞ ሲሉኝ፣ የትኛውን ከርሞ ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።