አያቴ በረዶ ያዘዘ ዕለት

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ታላቅ እህቴ እታለም ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ በተመለሰች በወሩ፣ አንድ የጭነት ማኪና አዘዞ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆመና ከእሷ ቁመት የሚበልጥ ፍሪጅ አወረደ። ጎረምሶች ተጋግዘው ሲያስገቡት የሰፈሩ ሰው ግማሹ አጥራችን ሥር ቆሞ ያያል። ፍሪጅማ ከዚያ በፊትም እናውቃለን፤ የዚህኛው ጉድ በሩ ላይ ነበር። በሩ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፤ እዚያ ያለችውን ምላስ የመሰለች ነገር በብርጭቆ ገፋ ሲያደርጓት ከውስጥ አንዳች ነገር ያጉረመርምና በረዶው ቀጭ ቀጭ እያለ ይወርዳል።

ውሃው የሚሞላው በእጅ ነበር። እታለም “የበረዶ ሹም አንች ነሽ” ብላ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። ቧንቧ የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ ከጀሪካን እቀዳለሁ፤ እናቴ አፍልታ ታቀዘቅዘዋለች፤ እኔ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ የፍሪጁ የውሃ ገንዳ ውስጥ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ በረዶውን በላስቲክ ቋጥሬ ትምህርት ቤት ወሰድሁት። ሰልፉ ሳይበተን ውሃ ሆኖ ደብተሬን አራሰው። ቢሆንም አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄድ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አያቴ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ። የእናቴ አባት ነው፤ አያ ታከለ ይሉታል። ከአውቶቡስ ሲወርድ ምርኩዝ ይዞ ያነክሳል፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጫማ አልገባለት ብሏል። በረዶ ጥሎ፣ ከብቶቹን ሊያስገባ ሲሮጥ አዳልጦት ነው። እሱ ግን ስለ እግሩ ትንፍሽ አላለም፤ የሚያወራው ስለ ገብሱ ብቻ ነበር። እሸት የያዘ ገብሱን በረዶው ከጭቃ ደባልቆበት ነበር።

እታለም በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ልታስርለት ስትቀርብ እግሩን ሰበሰበ።

“ምነው ልጄ! ገብሴን የበላው አነሰና እግሬንም ላብላው?”

“አያ፣ ይኸኛው እብጠት ያጎድላል” ብትለው፣

“በረዶ ምን ጨዋ አለው!” ብሎ ፊቱን አዞረ።

እናቴ ለመነችው። እታለም ፎጣውን ይዛ ቆመች። ስንት ዓመት የሰው ቤት ደክማ ያመጣችውን ዕቃ የገዛ አያቷ እንደ ጠላት ሲያየው ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አላስቻለኝም። ብርጭቆ አነሣሁና ሄጄ እጁን ያዝሁት።

“አያ፣ ይኸ እኮ ሳያዙት አይወርድም። ና እዘዘው።”

ሳይወድ ሳቀ። ምርኩዙን ተደግፎ መጣና ብርጭቆውን ፈራ ተባ እያለ ገፋ አደረገው። ቀጭ፣ ቀጭ። ደንግጦ እጁን ሲሰበስብ በረዶውም ቆመ። እንደገና ገፋ፤ ወረደ። ሳበ፤ ቆመ። ብርጭቆው ሞልቶ ወለሉ ላይ እስኪበተን ድረስ ተጫወተበት።

“አይ አንተ!” አለው በረዶውን። “ቁም ሲሉህ ትቆም ኖሯል?” ከዚያ ወደ እታለም ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሸጋ አድርገሽ ገርተሽዋል፣ ልጄ። በይ እሰሪልኝ።”

እታለም እግሩ ሥር ቁጭ ብላ አሰረችለት። ስታስር ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ሰንበት ሳይደርስ እብጠቱ ሟሸሸ። ወደ አገሩ ሲመለስ እታለም የሚዘራውን ገብስ ገዝታ አስጫነችለት። እሱ ደግሞ መናኸሪያው ላይ አጠገቡ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው፣ “የልጄ ልጅ በረዶ ገርታ ቤቷ ታሳድራለች” እያለ ሲያወራ ሰማሁት። እኔም ሰውየው ወደ እኛ ዞር ሲል እኔንም እንዲያየኝ እታለምን ጠጋ ብዬ ቆምሁ።

አያ ታከለ ዛሬ የለም። እንዲህ ያለው ፍሪጅም አሁን ብርቅ አይደለም። የእኔ ልጆች ስልካቸውን እያዩ በረዶ ይቀዳሉ፤ ሲያሻቸው በልብሴ አንገትጌ ጨምረውብኝ ይሮጣሉ። አይደንቃቸውም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ሳይደነቁ እንዲያድጉ የደከመላቸው ሰው አለ። በበዓል ቀን እታለም በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ስልካቸውን አስቀምጠው ሁሉም ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ይህን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።