መጀመሪያ የሚናገረው ወንበር

ሶፋ ሠሪው ከወንድሞቹ ሁሉ የመጨረሻው ነው። በእነሱ ቤት ነገር ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ተራው እሱ ጋ ሲደርስ የሚቀረው ቃል «እሺ» ብቻ ነበር። ትዳር ሲይዝም ሚስቱ ተናጋሪ ወጣችለት፤ ተመስገን አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወት፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ተናጋሪ ሆኖ ያረፈው።

ጥፋቱ የወንበሩ ነው። የሚጫወቱት በጓደኛው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ሶፋ ሠሪው ወገቡን ስለሚያመው፣ ለራሱ ባለመደገፊያ ወንበር ሠርቶ እዚያ አስገባ። ከዚያ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ በሩን አጠበበ። ወንበሩ እንደ ጎተራ ከባድ ነው፤ አይወጣም፣ ክፍሉ ውስጥም አይዞርም። የቆመው ደግሞ ከፀጉር አስተካካዩ በስተግራ ነው። ካርታውን የሚያድለው ምንጊዜም ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ «ካርታው የኔ፣ እጁም የኔ» ይላል። «ልጨምር» ወይም «ልለፍ» ብሎ ቀድሞ የሚናገረው ደግሞ ከሚያድለው በስተግራ ያለው ነው።

የመጨረሻው ካርታ ከተገለጠ በኋላ ቀድሞ መናገር ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የሚያውቀው የተቀመጠበት ነው። ብትጨምር ደካማው ይሸሻል፣ ብርቱው ይቆይሃል። ዝም ብትል ሁለቱም ይደፍሩሃል። ሶፋ ሠሪው ዓይን ሲበዛበት ላብ ስለሚያጠምቀው፣ «ልለፍ» ብሎ ይገላገላል። የሚጫወቱት በገንዘብ ሳይሆን ሶፋ ላይ በሚሰፋ ቁልፍ ነውና ኪሱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው።

«አንድ ቀን እንኳ መጨረሻ ላይ ብናገር» አለ ለሚስቱ ወንድም፣ ለሦስተኛው ተጫዋች ለሹፌሩ።

«ጋሼ፣ ተነስና የኔ በርጩማ ላይ ተቀመጣ።»

«ወገቤስ?»

«እንግዲያ ወገብህ ይናገርልህ።»

ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ የሚመኘው ወንበሩን ነው። ሶፋ ሠሪው ደንበኛ እንዳይቀመጥበት በላስቲክ ጠቅልሎ በገመድ አስሮት ስለሚሄድ፣ ያ ቤት የሞላ ዕቃ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ታሰረ በሬ ተኝቶ ይሰነብታል።

አንድ እሁድ የሶፋ ሠሪው ቁልፍ ሁሉ መሀል ገባ። ሹፌሩ ካርታውን ጥሎ ከጨዋታው ወጣ። ሶፋ ሠሪው የያዘው ሁለት ንጉሦች ነው፤ ክፉም አይደሉ፣ ደግም አይደሉ። መሀል የተዘረጉት ካርታዎች ለማንም አልጠቀሙም። የመጨረሻው ተገለጠ። በዚህ መሀል አንድ የቸኮለ ደንበኛ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ካርታውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሰውየውን ጺም መላጨት ጀመረ። ሶፋ ሠሪው አሁንም አልተናገረም።

«አሟቸዋል?» አለ ደንበኛው ሶፋ ሠሪውን በመስተዋቱ እያየ።

«የለም፣ ተራቸው ደርሶ ነው» አለ ሹፌሩ።

ደንበኛው ተላጭቶ፣ አንገቱን አስጠርጎ፣ «እግዜር ይርዳቸው» ብሎ ወጣ።

«ወዳጄ፣ የለመድካትን ቃል በላትና እንገላገል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ቁልፍ አልቆብኛል» አለ ሶፋ ሠሪው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ወንበሩን ጨምሬያለሁ።»

ሹፌሩ ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እኔስ በምን ልመልስልህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«በማደሉ። ከተረታህ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማድለው እኔ ነኝ።»

ያኔ ቀድሞ የሚናገረው ከሶፋ ሠሪው በስተግራ ያለው ሹፌሩ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቃል የሶፋ ሠሪው።

ፀጉር አስተካካዩ የያዘውን ካርታ አየ፤ ቀጥሎ ወንበሩን አየ። ወንበሩን ባያይ ኖሮ ይሸሽ ነበር። «ዕድሜውን ሙሉ ሲያልፍ የኖረ ሰው ዛሬ ቢደፍር፣ እኔ ልፈራ?» ብሎ ካርታውን ዘረጋ፤ ሁለት ንግሥቶች። ሶፋ ሠሪው ሁለቱን ንጉሦች አጠገባቸው አስቀመጠ፤ ማደሉም የሱ ሆነ።

በሚቀጥለው እሁድ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ካርታውን አደለ። የመጨረሻው ካርታ ተገለጠና ተራው የሹፌሩ ሆነ። ሹፌሩ ካርታውን አየ፣ ጆሮውን አከከ፣ እንደገና ካርታውን አየ። ዝምታው እየከበደ ሲሄድ የሶፋ ሠሪው ግንባር ላብ አወጣ።

«ልለፍ» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ጋሼ፣ ተራው እኮ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ መደገፊያውን ቀስ ብሎ መታ እያደረገ። «ወንበሩ ነው።»