ጣት የምታህል እናት

ጎረቤቴን ሌባ ያልኳት ጣት በሚያህል ዓሣ ምክንያት ነው። ሌላ ሰው ከሚያወራልኝ እኔው ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው የማነሳው።

ቤታችን ከቦንጋ ከተማ ወረድ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ወንዙ በሚያዘነብልበት በኩል ነው። ከጓሯችን ጀርባ፣ ሰው ለግድግዳ ጭቃ እያወጣ እያወጣ የጎደጎደ ቦታ ነበር። የእኛ አገር ዝናብ መች ይጠፋል፤ ጉድጓዱ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንደያዘ ይኖራል። አንድ ጊዜ ከግብርና የመጡ ሰዎች አይተውት "ለምን ዓሣ አታረቡበትም?" አሉን። አምስት ሴቶች ተሰባሰብን፤ ጉድጓዱን አሰፋን፣ ዳር ዳሩን ሣር ተከልን፣ ከታች በኩል ውሃ ማስወጫ ቱቦ ቀበርን። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች በውሃ በተሞላ ፌስታል አምጥተው ለቀቁልን።

ደንባችን ቀላል ነበር። በየሳምንቱ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ ፉርሽካ እናዋጣለን። ፉርሽካው በአንድ ማዳበሪያ ተደርጎ ለኩሬው ቅርብ በሆነችው ጎረቤቴ ቤት ይቀመጣል፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ትበትናለች። ይህች ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። እኔ ባሌን ስቀብር፣ አርባው እስኪወጣ ከአጠገቤ ያልተለየችው እሷ ነበረች።

ሁለተኛውን ደንብ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሁዳዴ ደረሰና መረብ ጣልን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተወዋለሁ፤ እኛ እንበላለን። መዳፍ የሚሞላ፣ አንዳንዱም ከመዳፍ የሚተርፍ ዓሣ ወጣ። ሴቶቹ ትልቁንም ትንሹንም ሊዘግኑ ሲሉ "ቆይ!" አልኩ። "ትልልቁን እንብላ፤ ትንንሹ ይመለስ። ሕፃን አይበላም። እሱም ይደግ፣ ተራው ይድረሰው።"

ሁሉም ተስማሙ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ክፍፍል ላይ ግን ማንም አይሸውደኝም። የቅርጫ ሥጋ ሲመደብ የሚጠሩኝም ለዚሁ ነው። ያን ቀን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዓሣም የፈረድኩ መስሎኝ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

በሁለተኛው ዓመት ዓሣው አነሰ። በሦስተኛው ዓመት መረቡ ሲወጣ ጣት የሚያህል ብቻ ተንፈራገጠ። ኩሬው ሙሉ ነው፤ ውሃው በዓሣ ይፈላል፤ የሚበላ ግን የለም። ፉርሽካውን አንድም ሳምንት ሳናቋርጥ አዋጥተናል። ታዲያ የት ገባ?

በዚያው ሰሞን የጎረቤቴ ላም ወፈረች።

ከአምስታችን አንዷ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። እሷ ጠጋ ብላ "ዓሣው ሲከሳ ላሟ ደለበች፣ አይታይሽም?" አለችኝ። ወሬ አልወድም። ፍርድ ሲጓደል ግን ዝም ማለት አልችልበትም። እሑድ፣ አምስታችንም ኩሬው ዳር ቆመን ሳለ ጎረቤቴን ፊት ለፊት ጠየቅኳት።

"ፉርሽካው የት እየገባ ነው?"

"ኩሬው ውስጥ ነዋ፣ እትዬ። ሌላ የት ይገባል?"

"ላምሽ ሆድ ውስጥ።"

ቅመም ሻጯ ሳቀች። ጎረቤቴ አልሳቀችም። "ላሜ እኮ እርጉዝ ናት" አለች። "እርስዎ ስድስት የወለዱ ሴት፣ እርግዝናና ጥጋብ መለየት አቃትዎ?"

"ላሟ ደልባለች፣ ዓሣው ከስቷል፣ ማዳበሪያው ባዶ ነው። ሌባ ማለት ሌላ ምንድን ነው?"

ቃሉ ወጣ። እሷ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ለራሷ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ቤቷ ሄደች። እኔም እዚያው ላይ ወሰንኩ፤ ማዳበሪያው ወደ እኔ ቤት ይምጣ፣ ነገሩ እስኪጣራ እሷ ከኩሬው ትውጣ።

በትንሽ መንደር ሌባ መባል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ማንም በር አይዘጋብሽም። ብቻ ወንፊት ለመዋስ ስትሄጂ ባለቤቷ ብቻሽን ትታሽ ጓዳ አትገባም። ልጅሽ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ፊቱን ሳይሆን እጁን ያያል። ይህን ሁሉ በእሷ ላይ አየሁ። የመጀመሪያውን ወር፣ ፍርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዓሣውን በራሴ እጅ ማብላት ጀመርኩ። ከሚዋጣው ላይ ከጓዳዬ ጨመርኩበት። ምስጥ ክንፍ አውጥቶ ሲፈልስ ለቅሜ ጣልኩለት። ውሃው ለዓሣው ምግብ የሚሆን አረንጓዴ ነገር እንዲያበቅል እበት በጥብጬ አፈሰስኩ። ከዚያ ዓሣውን በወንፊት እየጨለፍኩ ከጣቴ ጋር እለካዋለሁ። በመጀመሪያው ወር ያው ጣት ነው። በሁለተኛውም ያው ጣት ነው። በሦስተኛው ወር የጨመረው ብዛቱ ብቻ ነበር።

እውነቱን ልጻፍ። በሁለተኛው ወር ገብቶኛል። ፉርሽካውን ማንም ሳይሰርቀውም ዓሣው እንደማያድግ በገዛ ጣቴ ለክቻለሁ። ግን አልተናገርኩም። "እስቲ አንድ ወር ልጨምር" አልኩ። ያን ወር የጨመርኩት ለዓሣው ሳይሆን ለራሴ ነው፤ "ተሳስቻለሁ" ማለት ስለከበደኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ አደባባይ አቆመው ነበር። እኔ ዝም ያልኩባት እያንዳንዷ ቀን እሷ ሌባ ሆና የዋለችባት ቀን ናት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጎረቤቴን መንገድ ላይ አገኘኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ በወዲያኛው ዳር አለፈች። እዚያው ባጃጅ አስቁሜ ወደ ከተማ ወጣሁና ግብርና ቢሮ ገባሁ።

"ምን ልርዳዎት፣ እማማ?" አለችኝ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠች ወጣት።

"የዓሣ ኤክስፐርት ጥሪልኝ።"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ? አንቺማ ልጅ ነሽ።"

"ልጅ ነኝ፤ ግን የተማርኩት ዓሣ ነው። ምን ሆነብዎት?"

"እምቢ አለ። አያድግም።"

"ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?"

"ይፈላል።"

ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ደስ አላለኝም፤ መልሱን ሳታየው ያወቀች መሰለኝ።

በማግስቱ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ መጣች። ሦስቱን ሴቶች ጠራሁ፤ ጎረቤቴን ግን አልጠራኋትም። ምን ብዬ ልጥራት? ኤክስፐርቷ መረቡን ጎትታ አወጣችና ዓሣውን በሳፋ ውሃ ውስጥ ገለበጠች።

"ሕፃናት ናቸው" አልኳት። "ሦስት ዓመት ሙሉ ሕፃናት።"

"ሕፃናት?" አለች። አንዷን በእርጥብ እጇ አነሳች፤ ከመሃል ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ወደ ሳፋው ዘንበል አደረገችና አፏን በቀስታ ከፈተችው። ከዚያች አፍ ውስጥ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ የሚመስሉ ደቃቅ ነገሮች ፈሰሱ። ውሃው ውስጥ ገብተው መዋኘት ጀመሩ።

"ኧረ በስመ አብ!" አለች ቅመም ሻጯ።

"እናት ናት" አለች ኤክስፐርቷ። "እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ይህ ነው የሚባል ምግብ አትቀምስም። ለቃቸው ትንሽ በልታ እንደገና ትወልዳለች። መቼ ትደግ?"

"ዕድሜዋስ?"

"ትንሽ ስለሆነች ልጅ አትምሰልዎት። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ ታድግ ነበር፤ ከዚያ ትወልዳለች፤ ዕድሜዋም ይረዝማል። ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ አፍ ሲሻማ ግን ዓሣው ማደጉን ይተውና ቶሎ መውለድ ይጀምራል። ጉልበቱ አንድ ነው፣ እማማ። ለሥጋው ካዋለው ለልጅ አይተርፈውም፤ ለልጅ ካዋለው ለሥጋው የለውም።" ከዚያ ዞር ብላ "ትልልቆቹስ የት ሄዱ?" አለች።

"በላናቸው" አለች ቅመም ሻጯ። "ትንንሹን እየመለስን።"

"ይህን ማን አዘዘ?"

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ልጅቷ ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። "ትልልቆቹ አብዛኛዎቹ ወንዶች ናቸው" አለች። "እንቁላል ስለማይሸከሙ ይወፍራሉ። እናንተ ወፋፍራሙንና ቆይቶ የሚያድገውን እየበላችሁ፣ ትንሽ ሆኖ ቶሎ የሚወልደውን ለዘር አስቀራችሁ። ፉርሽካችሁ የትም አልጠፋም። ሁሉም ልጅ ሆኗል።"

ከጫካ ጀምሮ የተሸከምኩት የእንጨት ሸክም ደጄ ላይ የወረደልኝ ያህል ነበር። እፎይ አልኩ። ሌባ የለም። ያቺ ሴት አልሰረቀችም፤ እኔም ያንን ጥያቄ ከእንግዲህ ይዤ አልዞርም። ማፈሩ በኋላ መጣ፤ መጀመሪያ የመጣው እፎይታው ነው።

ያቺን ዓሣ ወደ ውሃው ከመመለሴ በፊት መዳፌ ላይ አድርጌ ትንሽ አየኋት። እኔን የዳሩኝ ቁመቴ ሳያልቅ ነው። ታናሽ እህቴ ትምህርት ቤት ቆየችና ዘግይታ አገባች፤ ዛሬ ጎን ለጎን ስንቆም በአንድ ራስ ትበልጠኛለች። እናታችን "እሷ ወደ አባቷ ዘር ሄዳ ነው" ትል ነበር። ይሁን። ሰው ዓሣ አይደለም። ግን የሴት ልጆቼን ልጆች ማንም ቶሎ ልዳር ቢለኝ፣ ከአሁን ወዲያ የምመልስለት ነገር አለኝ።

ከኩሬው በቀጥታ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። በረት ውስጥ ነበረች። ላሟ ወልዳ ጥጃዋን ትልሳለች።

"ምን ልትፈልጊ መጣሽ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት አንቺ ብላኝ አታውቅም። "ፉርሽካ ከሆነ ጥጃው አፍ ውስጥ ፈልጊ።"

"አጥፍቻለሁ" አልኳት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ የእናቲቱን አፍ፣ የእኔን ደንብ፣ በሁለተኛው ወር ገብቶኝ ዝም ማለቴንም። የመጨረሻውን ባልናገረው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ግማሽ ይቅርታ እንደ ግማሽ ጣሳ ነው፤ እኔ ራሴ ከሰው አልቀበለውም።

እስክጨርስ ጠበቀች። "ሌባ ያልሽኝ የት ነበር?"

"ኩሬው ዳር።"

"በረት ውስጥ አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"እንግዲያው" አለችና ጥጃውን ወደ ጡቱ አስጠጋችው።

ልክ ነበረች። እሑድ ሦስቱንም እሷንም ሰበሰብኩ፤ መንገድ የሚያልፉ ጎረቤቶችም ቆሙ። እዚያው ቃሉ በወጣበት ቦታ፣ ድምፄን ሳልቀንስ "ይህች ሴት ከእኛ አንድ ፍሬ ፉርሽካ አልወሰደችም። ዓሣውን ያቀጨጨው የእኔ ደንብ ነው። ሌባ ብያት ነበር፤ ዋሽቻለሁ" አልኩ። ቅመም ሻጯ መሬት መሬት ስታይ "አንቺስ?" አልኳት። እሷም "እኔም" አለች።

ጎረቤቴ እዚያው ቆመች፤ ወደ ቤቷ አልሄደችም።

ኤክስፐርቷ መፍትሔውን ነግራን ነበር። ኩሬው ይደርቅ፣ ያለው ሁሉ ይውጣ። ከዚያ ወንድ ወንዱ ብቻ ተመርጦ ይገባል። በስህተት ሴት ገብታ ብትወልድ፣ ጫጩቶቹን የሚለቅም አምባዛ የሚባል ሌላ ዓሣ ጥቂት ይጨመራል።

"ታዲያ እናቶቹ ሊበሉ፣ ወንዶቹ ሊደልቡ?" ብዬ ነበር ያን ጊዜ። "ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?"

እሑድ ዕለት ይህንኑ ስደግመው ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች። "አንቺ ደግሞ ለዓሣ መፍረድ ይበቃሻል" አለችኝ። "ሦስት ዓመት ፈረድሽለት፤ ምን እንዳደረግሽው አየን።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ። እንዲያ ከሳቅኩ ወራት አልፎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቱቦውን ከፈትነው። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ላይ የቀረውን ዓሣ በቅርጫት ሰበሰብን። ለማካፈል እንደ ልማዴ ወደ ፊት ስወጣ ጎረቤቴ ቅርጫቱን ከእጄ ወሰደችው።

"ዛሬ እኔ ነኝ" አለች።

በእፍኟ እየዘገነች ለአምስት መደበች። ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ዓይኔ ግን ዝም አላለም። አየችኝ።

"እየቆጠርሽ ነው?"

"አዎ።"

"እና?"

"እኩል ነው" አልኳት።

"እኩል ከሆነ አንሺና ሂጂ፤ ሳይበላሽ ጥበሺው።" እኔ ግን አልሄድኩም። ድርሻዬን ይዤ ተከትያት ቤቷ ገባሁ። ዓሣውን በአንድ መጥበሻ ላይ ቀላቅለን ጠበስነው፤ ከማነሱ የተነሣ ከነአጥንቱ ይበላል። ጨው ልታመጣ ስትሄድ እኔን መደቡ ላይ ትታኝ ጓዳ ገባች፤ እኔም ዓሣው እንዳያርር አገላበጥኩላት።