የአክስቴ የታደለች ላብ

ክሊኒክ ገብቼ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርገው፣ ሽታው ሽው ይልና በደርግ ዘመን መካኒሳ የነበረችው የጭቃ ቤታችን ጓዳ፣ የአክስቴ የታደለች መኝታ፣ ድቅን ይልብኛል።

ታደለች የአባቴ ታናሽ እህት ስትሆን፣ ከሆሳዕና የመጣችው በመስቀል ሰሞን ነበር። ቤታችን የጴንጤ ቤት ስለነበር መጠጥ አይገባበትም፤ የእምነቱ ሰዎችም ቀበሌ እንዳይሰማ መስኮት ዘግተው፣ በሹክሹክታ እየዘመሩ፣ ሳሎናችን ውስጥ ይጸልዩ ነበር። አክስቴ ግን ጓዳዋን ዘግታ ቆይታ ስትወጣ አንድ የሚሰነፍጥ ሽታ ይከተላት ነበር። አንዳንዴም «ሰው ልጠይቅ» ብላ ወደ መሀል ከተማ ትሄዳለች፤ ማንን እንደሆነ አትናገርም።

በጋው ሲገባ እናቴ ሌላም ነገር ታይ ጀመር። በተለይ ምሳ በዘገየ ቀን የአክስቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ በብርድ ያልባታል፣ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ያለ ምክንያት ትቆጣለች፤ በልታ ጥቂት ስትቆይ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትሆናለች።

«አረቄ ትጠጣለች» አለችው ለአባቴ። «የሰከረ ሰው አፍ አይዘጋም፤ አንድ ቀን ቀበሌ ሄዳ ታስበላናለች።»

አባቴ አላመነም፤ ግን አልጠየቃትም። እኛ ልጆችም ከኋላዋ እየተከተልን እናሸታት ነበር፤ ሰው ለጸሎት ሲሰበሰብ እናቴ ሰበብ ፈጥራ ከቤት ታስወጣት ነበር። አክስቴም ነገሩ ገብቷት ኖሮ እየዋለ እያደረ ዝምተኛ ሆነች።

ክረምቱ እንደገባ ጾም ጸሎት ተያዘ። ታደለች «ዛሬ አልወጣም፣ አብሬያችሁ እጾማለሁ» ብላ ድርቅ አለች። እኩለ ቀን ላይ ከተንበረከከችበት ዞር ብላ እናቴን በሌላ ሰው ስም ጠራቻትና፣ ነጠላዋ በላብ እንደራሰ በጎኗ ወደቀች። እናቴ ተንደርድራ አፏን አሸተተች።

«ምንም የለም» አለች ቀና ብላ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

ከጸሎተኞቹ መካከል ሲስተር ብርሃኔ የምንላት ነርስ ነበረች። ጓዳ ሮጣ ገብታ መርፌ፣ አልኮል የነካው ጥጥና የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘችና «ስኳር! ቶሎ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ይስማ አይስማ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከቀበሌ በራሽን የመጣውን ስኳር ነርሷ በውኃ በጥብጣ፣ መዋጥ እንደምትችል አይታ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረገችላት።

አክስቴ ዓይኗን ስትገልጥ ሲስተር ብርሃኔ ወደ እናቴ ዞረች። «የእኔና የአንቺ ሰውነት የደሙን ስኳር ራሱ ይመጥናል፤ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ሲጎድል ይሞላል፣ እኛ አናውቀውም። የእሷ ያንን ትቷል። በመርፌ ነው የምታወርደው፤ ተወግታ ሳትበላ ከዋለች ደግሞ ከልክ በታች ይወርድባታል።»

«ምነው ደበቅሽን፣ ታደለች?» አለች እናቴ እያለቀሰች።

«መድኃኒቱን መሀል ከተማ እየሄድኩ ነው የማመጣው፤ ሆሳዕና የለም። በሽተኛ ናት ብላችሁ ከመለሳችሁኝ መሞቴ ነው።»

የመለሳት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከሁላችን አስቀድማ የእሷን ምሳ ታቀርብ ነበር፤ አክስቴም ከእኛው ጋር ኖራ፣ እኔን ድራ ነው ያረፈችው።

ዛሬ የልጆቼ ፊት ሲለዋወጥ ካየሁ «ምን ሆናችሁ?» እላለሁ፤ እነሱም ይነግሩኛል። ያኔ መጠየቅ የካድሬ ሥራ ነበር፤ እኛ በአንድ ጣሪያ ስር ዝም ብለን እየተያየን ነበር የምንኖረው።